ስምንት ግራም ወይራ

ሚዛኑ አምስት መቶ ሃምሳ ሰባት ግራም ይላል። እኔ ግን ከመድኃኒት መቀመሚያው ጓዳ አንገቴን ብቅ አድርጌ፣ «አምስት መቶ አርባ ዘጠኝ» አልኩ።

ቃልቤሳ ከባንኮኒው ወዲያ ቆሟል። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ ግንባሩን ቋጠር አደረገ።

«አርባ ዘጠኝ? ባለፈው ሰኞ ሃምሳ ሰባት አልነበር? እኔ እኮ ዛሬ ያቆማል ብዬ ነበር።»

«አላቆመም። ስምንት ግራም ቀንሷል።»

«እንግዲያው ገና ውኃ አለው ማለት ነው» አለና ቁራጭ የወይራ እንጨቱን ከእጄ ተቀብሎ ጀርባው ላይ ጻፈ።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ቃሊቲ አደባባይ አካባቢ በሚገኝ አንድ ፋርማሲ ውስጥ የቆዳ ቅባት በግራም እየመዘንኩ እቀምማለሁ። በእኔ ሥራ በአንድ ግራም ስህተት የሰው ፊት ይቃጠላል። በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ቁጥር ዋሽቼ አላውቅም። ያን ሰኞ፣ ጥር አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ ስምንት ግራም ዋሸሁ። የዋሸሁትም ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ውሸት የማይሆንለትን ሰው ነው።

ለምን እንደዋሸሁ ለመናገር ወደ ኅዳር መመለስ አለብኝ።

አባቴ አቶ ሀብተሚካኤል ሃያ ሦስት ዓመት ከባድ መኪና ይዞ ጅቡቲ ተመላልሷል። ዛሬ የራሱ አራት መኪኖች አሉት፤ ቱሉ ዲምቱ ላይም ባለ አንድ ፎቅ ቤት አሠርቷል። ቤቱ አልቆ የቀረው የወለሉ እንጨት ብቻ ነበር። ሰዎች «ጎበዝ ፓርኬ አንጣፊ» ብለው የጠቆሙት ቃልቤሳ አንድ ቅዳሜ ሦስት ቁራጭ እንጨት በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣና ባዶው ሳሎን ውስጥ ሲሚንቶው ላይ ደረደራቸው።

«ይሄ ባህርዛፍ ነው ጋሼ» አለ። «ጠንካራ ነው፤ ጠባዩ ግን ይከፋል። ካልታገሡት ይጣመማል። ይሄ ጽድ ነው፤ ከፈረሰ የድሮ ቤት የወጣ። አርባ ዓመት ደርቋል፤ ነገ አንጥፍ ቢሉኝ አነጥፈዋለሁ። ለስለስ ስለሚል ግን የሴት ታኮ ምልክት ይተውበታል።» ሦስተኛውን ወዲያው አላስቀመጠውም፤ በመዳፉ አበስ አደረገው። «ይሄ ደግሞ ወይራ ነው። አንዴ ከተነጠፈ የልጅ ልጅዎ ይዳርበታል። ግን እርጥብ ነው። ሳይደርቅ ካነጠፍኩት ዓመት ሳይሞላ እየተከፋፈተ በመሃሉ ሳንቲም ይገባበታል። መቼ እንደሚደርቅም ቃል አልገባልዎትም።»

እናቴ አቻምየለሽ ጽዱን አንስታ አሸተተችና «ይሄ ደስ ይላል» አለች።

«ከሰው ቤት የፈረሰ እንጨት እኔ ሳሎን አይገባም» አለ አባቴ። «ወይራ ይሁን። ግን ሁዳዴ ሳይገባ ይለቅልኝ።»

ያቺ «ሁዳዴ ሳይገባ» የምትለዋ የእኔ ጉዳይ ነበረች። የአባቴ የልብ ጓደኛ ልጅ ዘካሪያስ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ዘካሪያስ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ! ከፋሲካ በፊት ዱባይ ሄዶ የአባቱን ንግድ ስለሚረከብ፣ ሽማግሌዎቹ የግድ ከጾሙ በፊት መምጣት አለባቸው። አባቴ ደግሞ ሽማግሌ ባዶ ሲሚንቶ ላይ እንደማይቀበል ምሏል። እሱ እናቴን ባስጠየቀ ጊዜ ቤተሰቦቿ የላካቸውን ሽማግሌዎች ቤት ሳያስገቡ በረንዳ ላይ ነበር ያነጋገሯቸው። የሹፌር ሽማግሌ ነዋ! ይህ ነገር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሆዱ አልወጣም። ስለዚህ ወይራው በጊዜ ከደረቀ ወለሉ ይነጠፋል፤ ወለሉ ከተነጠፈ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ፤ ከመጡ ደግሞ አባቴ እሺ ይላል። ለምን እምቢ አትይም ትሉኝ ይሆናል። ስንት ቀን ራት ላይ አፌን ከፍቼ መልሼ እንደዘጋሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

«እንጨት መድረቁን የሚናገረው ክብደቱ ነው» ብሎ ነበር ቃልቤሳ። ተገዝቶ አዲሱ ሳሎን ውስጥ ከተቆለለው ወይራ አንዱን ቁራጭ ናሙና አድርጎ በየሳምንቱ ሊመዝነው ፈለገ፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም እንጨቱ ደረቀ ማለት ነው። እናቴ «ታዲያ የልጄ የሮዳስ ሚዛን አለ አይደል?» አለችው። እንዲህ ሆኖ ነው ሰኞ ሰኞ መምጣት የጀመረው። ጓዳው ለሌላ ሰው ክልክል ስለሆነ እኔ መዝኜ ቁጥሩን እጠራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ከዚያ ጥቂት እንጫወታለን። አባቱ አቶ ሂርጳ ዛሬ የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በቆመበት መሬት ላይ ጤፍ ያርሱ እንደነበር የነገረኝ በሁለተኛው ሰኞ ነው። እሱ አሁን እዚያው ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቷል። «የአባቴ ጤፍ ከአልጋዬ ሥር ነው» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ፤ ሲያወራ ዓይኖቹን አይቼ ነበር።

በመካከላችን የፍቅር ቃል ወጥቶ አያውቅም። እሱ የአባቴ ሠራተኛ ነው፤ እኔ ልጠየቅ ቀን የተቆረጠልኝ ልጅ ነኝ። ያለን ሰኞ ብቻ ነበር። እና ያን ቀን ሚዛኑ ለሁለተኛ ጊዜ ሃምሳ ሰባት ሲል፣ ሰኞ ማለቁን አየሁ።

ወይራውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም አለ።

«አንቺ ባትኖሪ በግምት ነበር የምሠራው» አለኝ። «አመሰግናለሁ ሮዳስ።»

እስከ ማታ ድረስ ሚዛኑን ቀና ብዬ አላየሁትም።

አንድ ውሸት ብቻዋን አትኖርም። በቀጣዩ ሰኞ «አምስት መቶ አርባ ሦስት» አልኩ። የካቲት ሦስት ቀን ደግሞ «አምስት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ»። ሚዛኑ ሃምሳ ሰባት ላይ ተተክሎ ይታዘበኛል። ቃልቤሳ በዚያ በሦስተኛው ሰኞ ቁጥሩን ወዲያው አልጻፈም። ወይራውን በጣቱ ቋ ቋ አደረገው።

«ትሰሚያለሽ? እንዲህ የሚጮኸው የደረቀ እንጨት ነው። ስዳስሰውም ደረቅ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም።» ራሱን ነቀነቀ። «ትናንት ለቡ ትልቅ ሥራ መጥቶልኝ ነበር። የጋሼን ሳልጨርስ አልጀምርም ብዬ መለስኩት።»

«ታዲያ የቱን ታምናለህ? እጅህን ነው ወይስ ሚዛኑን?» አልኩት። እጄን ቢለኝ ሁሉንም እነግረው ነበር፤ እውነቴን ነው።

ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺን» አለ።

በሰው መታመን እንዲህ እንደሚያም አላውቅም ነበር። ወደ ጓዳው ገብቼ በሩን ዘጋሁና ባዶውን ሚዛን ሳጸዳ ቆየሁ።

ማታ ወደምንኖርበት ቤት ስገባ አባቴ ሳሎኑን እየዞረ ነበር። «ይሄ ልጅ እያሾፈብኝ ነው!» ይላል። «ጓደኛዬ መቼ እንምጣ እያለ በቀን ሦስቴ ይደውላል። እንጨት አልደረቀም ልበለው? ሰው ምን ይለኛል?»

እናቴ ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች። ስከተላት ጀርባዋን እንደሰጠችኝ «ሮዳስ፣ ሚዛንሽ ደህና ነው?» አለችኝ።

«ደህና ነው እማዬ።»

«አንቺስ?»

ሰሃኖቹን ማጠብ ጀመርኩ። እሷም ደግማ አልጠየቀችኝም፤ ይህ ደግሞ ከጥያቄው ይልቅ አስፈራኝ።

የካቲት ስምንት፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አባቴ ሁላችንንም አዲሱ ቤት ሰበሰበን። ቃልቤሳ ከእኛ ቀድሞ ደርሶ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ከተቆለለው ወይራ አጠገብ ቆሟል። አባቴ ያመጣው እኛን ብቻ አይደለም። አቶ ወልደሚካኤል የሚባሉ ሽበታም አናጢ ይዞ መጥቷል። ሰውየው ከኪሳቸው ሁለት መርፌ ያላት፣ ሞባይል የምታክል የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ አወጡ። አንዱን ወይራ ወጉ፤ ሌላውን ወጉ፤ ከሥር መዝዘው ሦስተኛውን ወጉ። እኔ መስኮቱን ተደገፍኩ።

«አቶ ሀብተሚካኤል» አሉ በመጨረሻ፣ «ይሄ እንጨት ደርቋል። ዛሬም አይደለም የደረቀው፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ይሆነዋል።»

ውጭ መንገዱ ላይ አንድ ከባድ መኪና እያጓራ አለፈ።

«አታለልከኝ» አለ አባቴ። ጮኾ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። «ሰው ብዬ የቤቴን ቁልፍ ሰጥቼህ አታለልከኝ።»

«አላታለልኩዎትም ጋሼ።» ቃልቤሳ ፊቱ ተለዋውጧል። «በየሳምንቱ መዝኛለሁ። ቁጥሩ ተጽፏል፤ ይኸው ይመልከቱ» አለና ናሙናውን ከቁልሉ ላይ አንስቶ ሰጠው። ከሰጠው በኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሁሉ እጁን መልሶ ዘረጋ። «ይቆዩ ጋሼ፣ እኔ ላንብብልዎት።»

አባቴ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ መነጽሩን አደረገ።

«ኅዳር ሃያ ሦስት፣ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት» ሲል አነበበ። «ከጎኑ... ‹ቀይ ሹራብ›። ይሄ ምንድን ነው?»

ቃልቤሳ መሬት መሬት ያያል።

«ኅዳር ሠላሳ፣ አምስት መቶ ዘጠና ስድስት። ‹ጉንፋን ይዟታል።› ታኅሣሥ ሰባት፣ አምስት መቶ ሰማንያ አራት። ‹ዛሬ ሳቀች።›» የአባቴ ድምፅ እየቀነሰ፣ እየዘገየ ሄደ። «ጥር አሥራ ሁለት፣ አምስት መቶ ሃምሳ ሰባት። ‹ሊደርቅ ነው። ከዚህ በኋላ በምን ሰበብ ልሂድ?› ጥር አሥራ ዘጠኝ፣ አምስት መቶ አርባ ዘጠኝ...» ቆመ። «‹ተመስገን።›»

ቀዩ ሹራብ የእኔ ነው። ጉንፋኑም የእኔ ነው። ሁለት ወር ተኩል ሙሉ በእነዚህ ጣቶቼ አንስቼ ሚዛን ላይ ያስቀመጥኩት እንጨት የፍቅር ደብዳቤ ኖሯል፤ እኔ ገልብጬ አይቼው አላውቅም። ደስታና ኀፍረት አንድ ላይ መጡብኝ፤ የቱን ቀድሜ እንደምይዝ ጠፋኝ።

«ለዚህ ነው?» አለ አባቴ። «ከልጄ ጋር ለመገናኘት ብለህ ነው ቁጥር የፈጠርከው?»

«አልፈጠርኩም ጋሼ፤ ቁጥሩን እኮ...» አለና ቃልቤሳ ንግግሩን አቋረጠ።

ያኔ ነው ቀና ብሎ ያየኝ። እኔም አየሁት። ከዓይኖቹ ውስጥ መጀመሪያ ጥያቄ፣ ከዚያ መረዳት፣ ከዚያም እስከ ዛሬ ሳስበው የሚያመኝ አንድ ሐዘን ሲያልፍ አየሁ። ገብቶታል። የመዘነው ማን እንደሆነ፣ ቁጥሩን የጠራለት ማን እንደሆነ ሁሉም ገብቶታል። ጣቱን ወደ እኔ ቢቀስር ነፃ ይወጣ ነበር።

«ስህተቱ የእኔ ነው» አለ። «በደንብ አልመዘንኩም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ያ ውሸት የማይሆንለት ሰው ለእኔ ብሎ ዋሸ። አወሻሸቱም አያምርበትም፤ ጆሮው ቀልቷል።

«ውጣልኝ!» አለ አባቴ። «ዳግመኛ ይሄን በር እንዳትረግጥ። አታላይ መሆንህን ደግሞ ሥራ የሚሰጥህ ሰው ሁሉ ይሰማል።»

«እኔ ነኝ የመዘንኩት!»

ድምፁ የእኔ መሆኑን ያወቅኩት ሁሉም ሲዞሩ ነው።

«ሮዳስ፣ ተይ» አለ ቃልቤሳ።

«አልተውም። አባዬ፣ ሚዛኑ ሃምሳ ሰባት ነው ያለው። አርባ ዘጠኝ ያልኩት እኔ ነኝ። አርባ ሦስትም፣ ሠላሳ ዘጠኝም ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ አምኖኝ ነው የጻፈው።»

«ለምን?» አለ አባቴ።

«የዘካሪያስ ሽማግሌዎች እንዳይመጡ።»

«ለምን?» አለ ደግሞ። የመጀመሪያውን መልስ እንዳልሰማ ሁሉ።

«ሰኞ እንዳይቀርብኝ» አልኩ፤ እንባዬም መጣ። «እሱን የማየው ሰኞ ብቻ ነው። ሌላ ቀን የለኝም አባዬ።»

አቶ ወልደሚካኤል መሣሪያቸውን ኪሳቸው ከተው «እኔ እንግዲህ ልሂድ» ብለው ቀስ ብለው ወጡ። አባቴ ከተቆለለው ወይራ ላይ ቁጭ አለ። ጅቡቲ ደርሶ በመጣ ቁጥር እንኳን እንዲህ ደክሞት አላየሁትም። ከዚያ ወደ ቃልቤሳ ዞረ።

«እንግዲያው አንተ አልዋሸህም» አለ። «በጎ። ሥራህን ጨርስ። እንጨቱ ከደረቀ ዛሬውኑ ጀምርና አንጥፍ። የቅበላ እሁድ እንግዶቼ ይመጣሉ፤ ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

እሺ ይላል ብዬ ፈራሁ፤ ቃልቤሳ የጀመረውን ሥራ ትቶ አያውቅም።

«አላነጥፍም ጋሼ» አለ።

«ምን አልክ?»

«ወይራው ጥሩ ወይራ ነው፤ ማንም ቢያነጥፈው ያምራል። እኔ ግን ሮዳስን ሊጠይቁ የሚመጡ ሰዎች የሚቆሙበትን ወለል በእጄ አልሠራም። አልችልም።» ከቁልሉ አጠገብ ያለውን ከረጢቱን አነሣ። «ከእንግዲህ እኔ እዚህ ቤት ለሥራ አልመጣም። የሚመጡት አባቴ የሚልካቸው ሽማግሌዎች ናቸው።»

አባቴ ተነሣ። «የፓርኬ አንጣፊ ሽማግሌ? የት ላስቀምጣቸው ነው? ሲሚንቶ ላይ?»

«መሬት ላይ ተቀምጠው የኖሩ ሰዎች ናቸው። ሲሚንቶ አይቆረቁራቸውም።»

አባቴ ሊመልስ አፉን ሲከፍት እናቴ ቀደመችው። ያን ሁሉ ጊዜ ከበሩ አጠገብ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማ ነበር።

«ሀብቴ» አለች በለሆሳስ፣ «በረንዳ ላይ ያስቀመጧቸውን ሰዎች እኔም አልረሳኋቸውም። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሳለቅስ ነበር።»

አባቴ ይህን ሰምቶ አያውቅም ነበር። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ትከሻው ብቻ ነው የሚታየኝ፤ ምን እያሰበ እንደሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ቃልቤሳ መላጊያውንና መዶሻውን ከረጢቱ ውስጥ ከተተ፤ ለእናቴ አጎንብሶ ሰላምታ ሰጠና ወጣ። ተከትዬው ሮጥኩ። የውጭው በር ላይ ደረስኩበት።

«ቃልቤሳ!»

ቆመ፤ ግን አልዞረም።

«ሦስት ሰኞ» አለ። «እጄ ደርቋል፣ ደርቋል እያለኝ፣ አንቺን አምኜ እጄን ውሸታም አደረግኩት። እንቅልፍ አጥቼ ነበር ሮዳስ። ሙያዬ ጠፋብኝ ብዬ ፈርቼ ነበር።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። የእሱን ስም፣ የአባቴን ቁጣ፣ የራሴን ሰኞ አስቤያለሁ፤ በእጁ ላይ ያለውን እምነት እየወሰድኩበት መሆኑን ግን አንድ ቀንም አላሰብኩም። ከዚያ ሁሉ ይልቅ በዚህ አፈርኩ።

«ይቅር በለኝ» አልኩት።

«አሁን አትጠይቂኝ። አሁን ከጠየቅሽኝ እሺ እላለሁ፤ ከልቤ ግን አይሆንም። ጊዜ ስጪኝ።»

«ታዲያ ሽማግሌዎች ይመጣሉ ያልከውስ? በንዴት ነው?»

ያኔ ዞረ። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«እሱ ሌላ ነው» አለ። «የተቀየምኩሽ ዛሬ ነው። የወደድኩሽ ኅዳር ላይ ነው።»

ከረጢቱን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ወደ ዋናው መንገድ ሄደ። ረዳቱ «ኮዬ! ኮዬ የሞላ!» እያለ በሚጣራበት ታክሲ ሲገባ አየሁት። ዞሮ አላየኝም። ቢያየኝ እከተለው ነበር፤ ያን ያወቀ ይመስለኛል።

«ሮዳስ!» ሲል ተጣራ አባቴ ከውስጥ። «ነይ ግቢ።»

ተቆጥቶ ይሁን አልቅሶ ከድምፁ መለየት አልቻልኩም። እንባዬን በእጄ ጠራረግኩና ወደ ቤቱ ዞርኩ። ከማንም የምደብቀው ነገር አልቀረኝም። በሕይወቴ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።